«እጅሽ ይባረክ» ደሞዝ አይደለም

ዛሬ ስለ ኪሮሽ ነው የምጽፈው። «አገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ቲቸር ደግሞ ስለ ዳንቴል ታወራለች?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎ፣ አወራለሁ። የክርና የመንጠቆ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ጉዳዩ የሰው ጉልበት በምርቃት እየተገዛ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ ካሬ በካሬ ሠርታ የገጣጠመችውን ብርድ ልብስ ፎቶ አንስታ ለጠፈች፤ ዋጋውንም ጻፈች። ከሥሩ የመጣውን አስተያየት ሳነብ ደሜ ፈላ። «ክሩ ስንት ቢፈጅ ነው?» «በዚህ ዋጋማ ከሱቅ ሁለት ብርድ ልብስ እገዛለሁ።» «ቤት ቁጭ ብለሽ ለሠራሽው?» አንዱማ «እጅሽ ይባረክ፣ ለእኔ ግን በክሩ ዋጋ አድርጊልኝ» አላት። ያውም ዘመድ ነኝ ባይ ነው።

እስኪ እንቁጠር። ሒሳብ ያስተማርኳችሁ ለፈተና ብቻ አይደለም።

ይኼ ፈረንጆቹ «የአያት ካሬ» የሚሉት ሥራ ከመሐል ነው የሚጀመረው። ጥቂት ሰንሰለት ይሠራና ጫፍና ጫፉ ተያይዞ ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ቋሚ አራት ቦታ ይገባል፤ በየመሐሉ የሚተወው ሰንሰለት ማዕዘን ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር 12 ቋሚ ነው። ሁለተኛው 24፣ ሦስተኛው 36፣ አራተኛው 48፣ አምስተኛው 60። በየዙሩ 12 ይጨምራል፤ ክፍል ውስጥ እያዛጋችሁ የተማራችሁት ድርድር ይኼው ነው። ድምሩ 180። መዳፍ በምታክል አንዲት ካሬ 180 ቋሚ!

አሁን 10 በ14 አድርገን ብርድ ልብስ እንሥራ። 140 ካሬ፣ 25,200 ቋሚ። አሰልቺው ሥራ ግን ገና አልመጣም። ካሬው ሦስት ቀለም ካለው እያንዳንዱ ቀለም ሲጀመርም ሲያልቅም የተንጠለጠለ ጫፍ ይተዋል። በካሬ 6፣ በጠቅላላው 840 ጫፍ። ጫፉ በመርፌ ወደ ውስጥ በደንብ ካልተሸጎጠ ብርድ ልብሱ ሲታጠብ መተርተር ይጀምራል። ቀጥሎ መገጣጠም አለ። 10 በ14 በተደረደሩ ካሬዎች መካከል 256 የሚጋጠም ጎን አለ። ያላመነ ወረቀት ላይ ሥሎ ይቁጠር።

አንዷን ካሬ በግማሽ ሰዓት የምትጨርስ ፈጣን እጅ ናት እንበል፤ 70 ሰዓት። ለአንድ ጫፍ አንድ ደቂቃ ብንሰጥ 14 ሰዓት። ለአንድ ጎን አራት ደቂቃ ብንሰጥ 17 ሰዓት። በድምሩ 101 ሰዓት፤ ያውም ዙሪያውን የሚሠራውን ጠርዝ ሳንጨምር። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ከ12 ቀን በላይ ነው።

እንግዲህ «ክሩ ስንት ቢፈጅ ነው» ያልከው ወንድሜ፣ ግቢህን ሲያጥርልህ ለሚውል የቀን ሠራተኛ የምትከፍለውን በ12 አባዛው። የክሩን ጨምርበት። ከዚያ ልጅቷ የጠየቀችውን ዋጋ መልሰህ እየው። ለመሆኑ ግንበኛውን «ድንጋዩ ስንት ቢገባ ነው» ብለህ ነው የምትከፍለው?

የችግሩ ሥር ያለው «ሙያ» በምንላት ቃል አጠቃቀማችን ውስጥ ነው። ወንዱን «ባለሙያ ነው» ካልን አናጢ ነው፣ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ መሐንዲስ ነው፤ ስለዚህ ይከፈለዋል። ሴቷን «ባለሙያ ናት» ካልን ግን እንጀራዋ ዓይናማ ነው፣ ወጧ ይጣፍጣል፣ ዳንቴሏ ያምራል ማለት ነው፤ ስለዚህ ትመረቃለች። ያው አንድ ቃል፣ ለአንዱ ደሞዝ ለሌላዋ ምርቃት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን በየስብሰባው እንተርታለን፤ ድሩን ፈትላ ያቀረበችው ማን እንደሆነችና ስንት እንደተከፈላት የሚጠይቅ ግን የለም። እናቶቻችን በእንዝርት ሲፈትሉ ኖረው፣ ጋቢውን ለብሶ የሚከበረው ሌላ ነው።

«ትርፍ ጊዜዋን ነው» የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። ኧረ ትርፍ ጊዜ ያላት የጎጃም ሴት የታለች? ቡና እስኪፈላ፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል፣ ልጁ እስኪተኛ ድረስ የምትይዘው ኪሮሽ ከእረፍቷ የተቆረሰ ነው። ሐኪሙም ከመንግሥት ሥራው ሲወጣ ማታ የግል ክሊኒክ ይሠራል። «ትርፍ ጊዜህ ስለሆነ በመርፌው ዋጋ ውጋኝ» ያለው ሰው አላየሁም።

«የሱቁ ይረክሳል» ለሚለው ደግሞ መልሴ አጭር ነው፦ የሱቁን ግዛ። ምንም ነውር የለውም፤ ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ሞልቷል፣ ለክረምት ብርድ ይሆናል። ግን የፋብሪካውን ዋጋ ይዘህ መጥተህ የእጇን ሥራ አትደብድብበት። ሹራብን ማሽን ይሠራዋል። ጨርቅንም ማሽን ይሸምነዋል። የኪሮሽን ሥራ ግን የሰው እጅ እንደሚሠራው አድርጎ በፋብሪካ ደረጃ የሚያመርት ማሽን እስከ ዛሬ ገበያ ላይ የለም። ማሽን የሚያወጣው ዳንቴል የሚመስል ጨርቅ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት አጠላለፉ ሌላ ነው። ስለዚህ እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ የትም አገር፣ ቻይናም ይሁን ሌላ፣ ረክሶ ካገኛችሁት ተአምር አይደለም። አንዲት የማናውቃት ሴት እንደኛዋ ልጅ «እጅሽ ይባረክ» ተብላ ተሸኝታለች ማለት ነው።

ሌሎቹ ደግሞ የሚስቁት ናቸው። ቴሌቪዥኑ፣ ቴፑ፣ ፍሪጁ ሳይቀር ዳንቴል የለበሰበትን የድሮ ቤት እያነሱ ይቀልዳሉ። እኔም እስቃለሁ፣ ያስቃል። ግን ያ ዳንቴል ማስጌጫ ብቻ አልነበረም። የራሷ ደሞዝ ያልነበራት ሴት በቤቱ ውስጥ «ይኼ የእኔ ነው» የምትለው ነገር ነበር። ዛሬ ያው ሥራ ጃኬትና ቦርሳ ሆኖ ከውጭ ሲመጣ «ፋሽን» እንለዋለን፤ የእናታችን ሲሆን ኋላቀር።

ሥራው ራሱ የድህነት ብልሃት ነው፤ የተረፈ ክር እንዳይጣል ተብሎ የሚሠራ። በ1885 እ.ኤ.አ. አሠራሩን ያተመው አንዱ «ፕሬሪ ፋርመር» የሚባል የአሜሪካ የገበሬ መጽሔት ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ አየርላንድን እናንሳ። ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሽታ ድንቹን አጥፍቶ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ፣ ብዙ ቤተሰብ የሴቶቹና የልጃገረዶቹ ኪሮሽ ባመጣው ገንዘብ ቀለብ ገዝቷል፣ ወደ አሜሪካ የሚሄድበትንም የመርከብ ዋጋ ከፍሏል። ድንች የምናበቅል ሰዎች ስለሆንን ይኼ ሊገባን ይገባል። ልብ በሉ ግን፤ ያዳናቸው መንጠቆው ብቻ አይደለም። ሥራውን ያስተማሩት ገዳማትና በጎ አድራጊዎች ገዢም አብረው ፈልገዋል፣ እየሰበሰቡ ሸጠውላቸዋል።

እኛ ጋ የሚጎድለው ይኼ ነው። «ለሴቶች የእጅ ሥራ ሥልጠና ተሰጠ» ይባላል። ፎቶ ይነሣል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ ባነሩ ይወርዳል። ከዚያስ? ማን ይገዛል? በስንት? መልስ የለም። ሙያውንማ ከሠልጣኞቹ አብዛኞቹ ከእናታቸው ተምረውት ነው የመጡት። ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ቀበሌዎች ስንት ጎበዝ ልጅ ቤት ቀርታ ኪሮሽ ይዛለች። ዛሬ እጇ ላይ ያለው እሱ ነው። እሱንም በክር ዋጋ ከነጠቅናት ቀጥሎ የሚመጣው ያለ ዕድሜ ጋብቻ መሆኑን የገጠሩን ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

ለእናንተ ለሠሪዎቹም የምለው አለኝ፤ ብትቀየሙኝም። ስለምታፍሩ ነው የምትረክሱት። «ያው ዝም ብዬ ነው የሠራሁት» አትበሉ። ደብተር ያዙ። የክሩን ዋጋ፣ የካሬውን ሰዓት፣ የጫፉን ሰዓት፣ የግጣሙን ሰዓት ጻፉ። ገዢ ሲከራከር ደብተሩን አሳዩት። ስጦታ መስጠት ከፈለጋችሁ ስጡ፣ ደስ ይላል፤ ግን ስጦታ ሰጪዋ የምትወስነው እንጂ ገዢ የሚጠይቀው ቅናሽ አይደለም።

ደግሞ ለብቻ አትልፉ። ወንፈል የማናውቅ ይመስል! ለአጨዳና ለአረም የሚሠራ ወንፈል ለብርድ ልብስ ለምን አይሠራም? አምስት ሆናችሁ ብትካፈሉት 28፣ 28 ካሬ ይደርሳችኋል፤ ይኼ ለእያንዳንዷ የ14 ሰዓት ሥራ ነው። ግን አስቀድማችሁ ተስማሙ። አንድ ዓይነት የሹራብ ክር፣ አንድ ቁጥር ኪሮሽ፤ ቁጥሩ እጀታው ላይ በሚሊ ሜትር ተጽፏል። እሱም ሆኖ የአንዷ እጅ ያጠብቃል፣ የሌላዋ ያላላል። ስለዚህ ካርቶን በሚፈለገው ልክ ቁረጡና እያንዳንዷን ካሬ ለኩባት። ካሬዋ ከካርቶኑ ካነሰች ኪሮሹን በአንድ ቁጥር ከፍ፣ ከበለጠች ዝቅ። ልኩ ያልተካከለ ካሬ ሲገጣጠም አንዱ ጋ ይሰበሰባል፣ ሌላው ጋ ይንዘላዘላል፤ የአንዷ ግዴለሽነት የአራቱን ድካም ያበላሻል። ገንዘቡንም እንደ ሥራው ተካፈሉ። የገጣጠመችው ካሬ ከሠራችው እኩል ሰዓቷ ይቆጠርላት። እርስ በርሳችሁ «እጅሽ ይባረክ» ተባብላችሁ የምታልፉ ከሆነ ገዢውን በምን አፋችሁ ትወቅሳላችሁ?

ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቼ፣ ከዘመድ «አንድ ዳንቴል ላኪልኝ» ስትሉ የሰዓቱን ዋጋ አብራችሁ ላኩ። እዚያ ሰዓት እንዴት እንደሚከፈል ከኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ካፌና ሆቴል ያላችሁም፣ «ባህላዊ» እያላችሁ ግድግዳና ሶፋ የምታለብሱት ዳንቴል ሠሪ አለው፤ ለሠሪዋ በሰዓቷ ልክ ክፈሉ።

ያልተስማማችሁ ከታች ተከራከሩኝ፤ እኔ ክርክር አልጠላም። ግን ቁጥር ይዛችሁ ኑ።