«አላህ ያሽርህ» ብሎ መጻፍ ዚያራ አይደለም



ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም በሙስሊም ላይ አምስት ሐቅ እንዳለው አስተምረውናል፦ ሰላምታን መመለስ፣ የታመመን መጠየቅ፣ ጀናዛን መሸኘት፣ ግብዣን መቀበል፣ ያስነጠሰን «የርሐሙከላህ» ማለት። ታዲያ ጀናዛ በስልክ ይሸኛል?

ከመስጂዳችን ጀርባ ያለ ወንድማችን ሲታመም የቴሌግራም ግሩፓችን በ«አላህ ያሽርህ» ተጥለቀለቀ። ቤቱ ግን ማንም አልገባም። በሦስተኛው ቀን ስንሄድ ውኃ የሚያቀብለው ሰው አጥቶ አገኘነው። ያን ሁሉ የጻፍነው እኛው ነበርን!

ጂዳ ያለ ዘመድ ደውሎ ቢቀር ዑዝር አለው። እኛ ግን የአስር ደቂቃ መንገድ ላይ ሆነን «ጽፌለታለሁ» ማለታችን ስንፍና ነው። ዱዓው መልካም ነው፤ መሄድን ግን አይተካም።

ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ስልካችንን ኪሳችን ከተን አንድ የታመመ ሰው በር እናንኳኳ። አላህ ያግራልን።