ሹመት ከነጋዴ ሳሎን ሲወጣ

ባለሀብት መንግሥትን ይይዛል ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የጨረታ ጉቦ ነው። ጉቦ ክፉ ነው፤ ነገር ግን መርማሪው፣ ዐቃቤ ሕጉና ዳኛው በቦታቸው እስካሉ ድረስ የሚያዝ ወንጀል ነው። የሚብሰው ባለሀብቱ ጨረታውን ትቶ ጨረታ አውጪውን መምረጥ ሲጀምር ነው። ያኔ መራጩ ካርድ ቢጥልም ሥልጣኑ ሌላ ቤት አድሯል። ለዚህ ደቡብ አፍሪካን የሚያህል ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። እዚያ ነገሩ ሐሜት ሆኖ አልቀረም፤ ከ300 በላይ ምስክሮች አደባባይ ወጥተው ቃላቸውን ሰጥተውበታል።

ከሕንድ የመጡት የጉፕታ ወንድማማቾች በኮምፒውተር ንግድ ጀምረው፣ በጃኮብ ዙማ ዘመን ማዕድንና ቴሌቪዥን ድረስ ዘለቁ። የፕሬዚዳንቱ ልጅም የንግድ ሸሪካቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 የገንዘብ ምክትል ሚኒስትሩ ምሴቢሲ ጆናስ ጆሃንስበርግ፣ ሳክሰንዎልድ ሰፈር ወዳለው የጉፕታዎች ቤት ተወሰዱ። በኋላ እንደመሰከሩት፣ የሚኒስትርነቱን ወንበር ተቀብለው ከተባበሩ 600 ሚሊዮን ራንድ እንደሚሰጣቸው ተነገራቸው። 600 ሺህ ራንድ ደግሞ አሁኑኑ በጥሬው መውሰድ እንደሚችሉ ተነግሯቸው፣ መያዣ ቦርሳ አላቸው ወይ ተብለው ተጠየቁ። እምቢ ብለው ወጡ። ጉፕታዎቹ ይህን ክደዋል፤ በዳኛ ሬይመንድ ዞንዶ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን ግን የጆናስን ቃል ተቀብሏል። ከዚያ ስብሰባ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 9 ቀን፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ንህላንህላ ኔኔ ተነሡና ብዙ የማይታወቁት የምክር ቤት አባል ዴስ ቫን ሩየን ተተኩ። የሕዝብ እንባ ጠባቂዋ ቱሊ ማዶንሴላ የቫን ሩየንን የስልክ መዝገብ ስታስመረምር፣ ቢያንስ ሰባት ጊዜ ሳክሰንዎልድ አካባቢ እንደነበሩ ታየ፤ አንዱ የሹመታቸው ዋዜማ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረታችን የሚያውቀው ከተሾመ በኋላ የሚበላውን ሹም ነው። የሳክሰንዎልዱ ገበያ ግን የሚሸጠው ገና ያልተያዘ ወንበር ነበር።

ሹመት ከጨረታ ይበልጥ የሚያስፈራበት ምክንያት አለው። ኔኔ ለኮሚሽኑ ሲመሰክሩ፣ የተባረሩት ከሩሲያ ጋር የታሰበውን ግዙፍ የኑክሌር ኃይል ስምምነት አልፈርምም በማለታቸው እንደሆነ እንደሚያምኑ ተናግረዋል። አንድ ፊርማ የከለከለ ሰው ከተነሣ ቀጣዩን ፊርማ መግዛት አያስፈልግም፤ ፈራሚው የራስ ሰው ነው። በመንግሥት የባቡር ድርጅቱ ትራንስኔትም የታየው ይኸው ነው። የ1,064 ሎኮሞቲቭ ግዢ ዋጋ ከ38.6 ቢሊዮን ወደ 54.5 ቢሊዮን ራንድ ሲያሻቅብ፣ ማቆም የነበረባቸው ኃላፊዎች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፍሪስቴት ውስጥ ቭሬደ በምትባል ከተማ ለድሃ ጥቁር ገበሬዎች ተብሎ በተጀመረው የወተት ላም እርባታ ደግሞ ከ200 ሚሊዮን ራንድ በላይ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶ፣ ገበሬዎቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ይህ የአንድ ክፉ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ጉፕታዎቹ አገር ጥለው ሄደዋል፣ በሽታውም አብሮ ሄዷል የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። ቤይን የተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ አማካሪ ኩባንያ ሰዎች ቶም ሞያኔ የግብር ባለሥልጣኑ ኮሚሽነር ሆነው ከመሾማቸው በፊት ከእሳቸው ጋር ተቋሙን እንዴት እንደሚያዋቅሩት ሲመክሩ እንደነበር አጣሪዎች ደርሰውበታል። ከዙማም ጋር ደጋግመው ይገናኙ ነበር። የቫን ሩየን ሹመት የተሻረበት መንገድም ሊያሳስበን ይገባል። ራንድ ወደቀ፣ የባንክ ኃላፊዎችና ትላልቅ ነጋዴዎች ከገዢው ፓርቲ መሪዎች ጋር ተቀመጡ፣ በአራተኛው ቀን ፕራቪን ጎርዳን ወንበሩን ተረከቡ። ውጤቱ መልካም ነበር፤ እኔም ትክክል ነበር እላለሁ። ሆኖም ሚኒስትሩን ያስመጣውም ያስነሣውም የገንዘብ ጉልበት ነው። ሕዝብ የወከለው ምክር ቤት ግን ዙማን ለማውረድ እ.ኤ.አ. በ2017 በተሰጠው ሚስጥራዊ ድምፅ 198 ለ177 በሥልጣናቸው አቆያቸው። ደጉ ነጋዴ የሚገባበት በር ለክፉውም ክፍት ነው።

ታዲያ መንግሥት ከነጋዴ ጋር አይነጋገር ነው ወይ? እንዲህ ማለት ከንቱ ነው። ሥራ የሚፈጥረው፣ ግብር የሚከፍለው፣ ገበያውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ መደመጥም አለበት። ልዩነቱ የሚደመጥበት ቦታ ነው። በምክር ቤት መድረክ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ የሚናገር ባለሀብት ዜጋ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሚኒስትር የሚያጭ ባለሀብት ግን ያልተመረጠ ገዢ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ከተወሰነ ጣሪያ በላይ፣ መጀመሪያ ላይ ከ100 ሺህ ራንድ በላይ፣ ለፓርቲ የሚሰጥ ስሙ ይፋ እንዲሆን በሕግ አስገድዳለች። ለተቃዋሚ የሚለግስ ሰው የመንግሥትን በቀል ይፈራል የሚለው ስጋት ቀላል አይደለም፤ ለዚህም ነው ትንሹ ለጋሽ ከጣሪያው በታች የተተወው። ትልቁን ገንዘብ መደበቅ ግን ከበቀል የሚታደገው ሰጪውን ብቻ ነው፤ መራጩን ያሳውረዋል። ሕጉ ይህን ቢያሻሽልም ሹመቱን አልነካም። እዚያ ፕሬዚዳንቱ ሚኒስትሮቹን ሲሾም ዛሬም የምክር ቤት ይሁንታ አይጠይቅም።

የእኛ ሕገ መንግሥት በዚህ ይሻላል። በአንቀጽ 74 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩ ሚኒስትሮችን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ ያስጸድቃል። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002ም በእጃችን አለ። እንግዲያውስ የተከበሩ የምክር ቤት አባላት፣ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ዕጩው ከማን ጋር እንደሚነግድ፣ ቤተሰቡ በየትኛው ድርጅት ድርሻ እንዳለው፣ ማን ለዚህ ወንበር እንዳሰበው ጠይቁ። መልሱንም እኛ መራጮቻችሁ በቀጥታ ሥርጭት እንስማው።