ሞትን የሚሻው ድንክና የሱሉልታ ቁልቁለት

ጨዋታ የሕፃናት ድርሻ ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን ሥር ሰድዶ ይገኛል። ይሁን እንጂ የፕሮባቢሊቲ ሳይንስ ራሱ ከጨዋታ ጠረጴዛ የተወለደ ነው። ፓስካልና ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1654 በተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች መሠረቱን የጣሉት ስለ ቁማር ለቀረበላቸው ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ ነበር። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ ጨዋታ፣ በተለይም በውስጡ ስለሚገኝ አንድ እንግዳ ጦረኛ፣ አስተያየታችንን ለአንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት ወይም አምስት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ «አሁን እንዲህ አደርጋለሁ» እያሉ ታሪኩን በቃል ይቀጥላሉ። የድርጊቱ ውጤት አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ ይጣላል። ዳይሱ በሉዶ እንደምናውቀው ባለ 6 ገጽ፣ ወይም ባለ 10 እና ባለ 20 ገጽ ሊሆን ይችላል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ፈር ቀዳጅ የሆነው ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ታተመ፤ በ1986 ደግሞ በብሪታንያ ዋርሃመር ፋንታሲ ሮልፕሌይ ወጣ። ጦረኛችን የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው ነው።

ስሙን «ትሮል ገዳይ» ብንለው ይስማማዋል። ትሮል በሰሜን አውሮፓ ተረት የሚነገርለት ግዙፍ ፍጡር ሲሆን፣ ገዳዩ ግን ድንክ፣ ማለትም በተረቱ ዓለም ከተራራ ሥር ከሚኖሩት አጭርና ጢማም ሕዝቦች ወገን ነው። ይህ ድንክ አንድ ታላቅ ውርደት ስለ ደረሰበት እፍረቱን በክብር ሞት ሊያጥብ ይምላል። ጸጉሩን ብርቱካንማ ቀለም ቀብቶ ሽቅብ ያቆምና ከእርሱ የሚበልጥ ጠላት ፍለጋ ይወጣል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ አስሮ ጦሩን እየሰበቀ ስለሚፎክረው ጀግና፣ «ገዳይ» መባልም የማዕረግ ያህል ይቆጠር ስለ ነበረበት ዘመን ከአያቶቻችን ሰምተናል። ልዩነቱ የእኛ ፎካሪ ገድሎ መመለሱን ሲያውጅ፣ ድንኩ አለመመለስን መሻቱ ነው።

በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር፣ ቅዳሜ ማታ ከትምህርት ጓደኞቻችን ጋር ይህንኑ ድንክ ይዘን እንጫወት ነበር። በአራተኛው ምሽት ሌሎቹ ሊያልፉት ወደ ተስማሙበት ዋሻ ዘልለን ገባን። ድንኩ እንደ ምኞቱ ሞተ። ሊያድኑት የተከተሉት ሁለት ገጸ ባሕርያትም አብረውት አለቁ። አንደኛው ተጫዋች ገጸ ባሕርይውን ከስድስት ወር በላይ ሲያሳድግ የኖረ ነበርና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ዝም አለ። ስህተታችንን የተረዳነው ያን ጊዜ ነው። ድንኩ መሐላ ምሏል፤ ባልንጀሮቹ ግን አልማሉም። በጨዋታውም ሕግ መንፈስ ቢሆን ገዳዩ ባለ በሌለ ችሎታው መዋጋት አለበት እንጂ ሕይወቱን እንዲያው መጣል ክብር አያስገኝለትም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንለፍ። ድንኩ በእያንዳንዱ ውጊያ የመትረፍ ዕድሉ ከ100 እጅ 90 ነው እንበል። ይህ ለብዙዎች የሚያስተማምን ይመስላል። ሆኖም ሰባት ውጊያ የማለፍ ዕድሉ 0.9 ሰባት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.48 ያህል፣ ማለትም ከግማሽ በታች ነው። መቶ ድንኮች ቢወጡ፣ ከ22 ውጊያ በኋላ የሚቀሩት 10 ያህል ናቸው። ዳይስ ያለፈውን አያስታውስም፤ ትናንት መትረፍ ለነገ ዋስትና አይሆንም።

ታሪክ የሚነገርላቸው ግን እነዚያው አሥሩ ናቸው። በዊልያም ኪንግ ልብ ወለዶች የታወቀው ድንክ ጎትሬክ፣ አሟሟቱን በግጥም ሊጽፍለት ቃል የገባ ፊሊክስ የተባለ ባልንጀራ ነበረው። ሞት ግን እምቢ ስላለው ዝናው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲያድግ ኖረ። በየዋሻው የወደቁት ዘጠናዎቹ መጽሐፍ የላቸውም። የተረፉትን ብቻ ቆጥሮ ስለ አደጋው መፍረድ በሳይንስ ዘንድ የታወቀ ስህተት ነው።

ይህ ስህተት በጠረጴዛ ላይ ብቻ አይቀርም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማለዳ ከአዲሱ ገበያ ተነሥተን የእንጦጦን ጋራ አልፈን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ፣ የሚኒባሱ ሾፌር በጭጋግ ውስጥ፣ መታጠፊያ ላይ፣ የጭነት መኪና ሊቀድም ወጣ። ከፊት መኪና ሲመጣበት ለጥቂት ተመለሰ። አንዲት እናት «ኧረ ልጄ፣ ቀስ በል!» ቢሉት፣ «አይዞዎት እማማ፣ አሥራ አምስት ዓመት እንዲሁ ነድቻለሁ፤ ጭረት እንኳ አላየሁም» አላቸው። ተሳፋሪው ሳቀ። ፕሮባቢሊቲ የምናስተምረው እኛም ለስብሰባ ዘግይተን ነበርና አንዲት ቃል አልተነፈስንም።

ለግምት ያህል፣ እንዲህ ያለው ቅድሚያ ከ10,000 አንድ ጊዜ ብቻ ለሞት የሚያበቃ ነው እንበል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በዓመት 300 ቀን፣ በ15 ዓመት 9,000 ጊዜ ይሆናል። ከመቶ እንዲህ ያሉ ሾፌሮች እስከ መጨረሻው የሚተርፉት 41 ያህል ናቸው። «ጭረት አላየሁም» የሚሉን እነርሱ ናቸው፤ የቀሩት 59 ሊመሰክሩ አይችሉም። ጨዋታው ለተጫዋቹ ከሞት የሚያስጥሉ ጥቂት የዕጣ ፈንታ ነጥቦች ይሰጣል፤ ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነጥብ የሚያድል ዳኛ የለም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሾፌሩ ከኋላው የጫናቸው ሰዎች መሐላ አለመማላቸው ነው።

ስለዚህ ድንኩን አናውግዘው፤ እንጫወተው። በእኛ አስተያየት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበባት በወረቀት፣ በእርሳስና በጥቂት ዳይሶች ይህን ጨዋታ ሊያቋቁሙት ይችላሉ። ስንት ድንክ እንደ ወጣና ስንት እንደ ተመለሰ በሰሌዳ ላይ ይመዝግቡ፤ የሞቱትንም ስማቸውን ይጻፉ። በጠረጴዛ ዙሪያ ስለ ባልንጀሮቹ «ተው!» ማለትን የለመደ ተማሪ፣ በቁልቁለቱ ላይ እኛ ያልተነፈስነውን ቃል ይናገር ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።