ግቢ ያልኖርን ተመራቂዎች

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች አንድ ነገር እንናዘዝ። ግቢ ገብተናል፣ ጋዋን ለብሰናል፣ ፎቶም ተነስተናል። ግቢ ግን አልኖርንም። ጠዋት በሚኒባስ ሄደን፣ ማታ 11 ሰዓት ላይ ለታክሲ ሰልፍ ስንሮጥ ዓመታቱ አለቁ።

የምናወራው ከተማ መሀል ስላለ አንድ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው (ስሙ ይቆየን)። የምናጠናው ጋዜጠኝነት ነበር። ክፍላችን ውስጥ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከጋምቤላ የመጡ ልጆች ነበሩ። አቀማመጣችን ግን ማንም ሳያዝዘን ለሁለት ይከፈላል። የዶርም ልጅ ከፊት፣ የከተማ ልጅ በሩ አጠገብ። በሩ አጠገብ የምንሆነው ለምን እንደሆነ ገብቷችኋል።

ሁለተኛ ዓመት ላይ መምህራችን ፊቸር ጽፋችሁ ኑ አሉን። እኛ የሰፈር ቡድን አምስት ነበርን፤ ሦስታችን ስለ ታክሲ ጥቅስ ጽፈን መጣን። (ስለ ታክሲ ጥቅስ ያልጻፈ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ!) ከጋምቤላ የመጣው ልጅ ስለ ባሮ ወንዝ ጻፈ። ወንዙ ሲሞላ ትምህርት ቤታቸው ምን እንደሚሆን፣ ደብተሮች ከጣራ ሥር እንዴት እንደሚንጠለጠሉ። ሲያነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከልጁ ጋር ሁለት ዓመት ስንማር ስለ ባሮ የሰማነው ያን ቀን ነው። የዶርም ጓደኞቹ ግን ታሪኩን ያውቁት ኖሯል፤ እንዲያውም «የወንድምህን ነገር ለምን ተውከው?» ብለው ተቆጡት።

ጥፋቱ የእኛ ብቻ ነው አንልም። እናት «ቤትሽ እያለ ተደራራቢ አልጋ ላይ ምን አንጠለጠለሽ?» ትላለች። እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በመጣው የወጪ መጋራት ደንብ የምግቡና የመኝታው ወጪ ዕዳ ሆኖ በተማሪው ላይ ስለሚመዘገብ፣ ከቤቱ የሚመላለስ ዕዳው ይቀልለታል። ትኋኑንና የካፌውን ሽሮ ደግሞ ባናነሳው ይሻላል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄዶ ያገለግል ነበር፤ ብዙው አስተማሪ ሆኖ። ሁሉም ደስ ብሎት ሄደ አንልም። አዲስ አበባን ብቻ አይቶ መመረቅ ግን ከባድ ነበር።

ስለዚህ የከተማ ልጅም ቢያንስ አንደኛ ዓመትን ዶርም ይደር እንላለን። ቦታ የለም? እሺ፣ አንድ ሴሚስተር። ምደባውም በዕጣ ይሁን እንጂ በትውውቅ አይሁን። «ዶርም ገብተው ሊጣሉ?» የሚለን አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው በተነሣው ግጭት ተማሪዎች መሞታቸውን አልረሳንም። አብሮ ማደር ብቻውን ፍቅር አያመጣም፤ ፕሮክተርም፣ መብራትም፣ የሚሰማ አስተዳደርም ይፈልጋል። ግን አጠገቡ ያለውን ልጅ ስም እንኳ ሳያውቅ የተመረቀ ሰው ነገ ስለዚያ ልጅ አገር ምን ብሎ ሊጽፍ ነው?

አሁን አንዳንዶቻችን ዜና ክፍል ነን። ክረምት ሲመጣ ከጋምቤላ የጎርፍ ዜና ይላካል። እናርመዋለን፤ ሁለት አንቀጽ፣ አንድ ፎቶ። የዚያን ልጅ ስልክ ቁጥር የያዘ ከመካከላችን አንድም የለም።