ስለ ሮማን ዛፍ ጥቅምና ስለ ሥሩ ጥንቃቄ

ሮማን የከበረ ፍሬ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በአሮን ቀሚስ ዘርፍ ላይ ምስሉ ተሠርቶ እንደ ነበረ መጽሐፍ ቅዱስ ይናገራልና። ዳሩ ግን የፍሬው ክብር ለዛፉ ክፍል ሁሉ ምስክር ሊሆን አይችልም። ፍሬው ምግብ ነው፤ ልጣጩ ሆድን የሚያደርቅ ነው፤ የሥሩ ቅርፊት ግን ብርቱ መድኃኒት፥ ልኩን ሲያልፍም መርዝ ነው። ይህን ልዩነት ለባላገሩ ማስረዳት የየወረዳው የእርሻ ሹማምንት ሥራ ሊሆን ይገባል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል ያለው ኮልፌ ቀራንዮ ደጋ ነው፤ የደጋውም ዛፍ ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው የኮሶን አበባ ፈጭቶ መጠጣት ከጥንት የለመደው ስለ ሆነ፥ ትሉ እንኳ ስሙን ከመድኃኒቱ ወስዶ የኮሶ ትል ተባለ። በሌሎች አገሮች ለዚሁ ትል ይታዘዝ የነበረው የሮማን ሥር ቅርፊት ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ታንሬ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1878 ዓ.ም. ከቅርፊቱ ትሉን የሚያጠቃውን ነገር ለይቶ አወጣና ፔሌቲዬሪን ብሎ ሰየመው። ይኸው ነገር ሲበዛ ማስመለስንና ራስ ማዞርን ያመጣል፤ የዓይንንም ብርሃን ይጐዳል። ኮሶም ከልክ ካለፈ እንዲሁ ዓይንን ይጐዳል።

አባቶች ሲጠቀሙበት ኖረዋል የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የቅርፊቱ ኃይል ከዛፍ ወደ ዛፍ ይለያያል፤ በአንድ እፍኝ ውስጥ ያለውን መጠን በዓይን አይቶ የሚያውቅ የለም። ዛሬ በጤና ጣቢያ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ በልክ ይሰጣሉ።

የልጣጩም ነገር እንዲሁ ማስተዋል ይፈልጋል። ተፈልቶ ሲጠጣ ተቅማጥን ይቀንሳል ይባላል፤ ይኸውም በውስጡ ስላለው ቆዳ ማልፊያ ታኒን ነው። ሕፃንን የሚገድለው ግን ከሰውነቱ የሚፈሰው ውኃ ነውና፥ እናት በልጣጩ ተማምና ብትዘገይ ልጅዋን ታጣለች። አስቀድሞ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው፤ ቀጥሎም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ለገበሬውም ሌላ ምክንያት አለ፤ ሥሩ የተላጠ ዛፍ ይደርቃል፥ ለአንድ ቀን መድኃኒት የብዙ ዓመት ፍሬ ይጠፋል። ሮማን ሙቀትና ድርቅ የሚችል ስለ ሆነ በቈላና በወይና ደጋ ከቅርንጫፉ ተቈርጦ ይተከል፤ ደጋው ኮሶውን ይጠብቅ። በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች መሬት ላይ ያረፈው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የተቋቋመው የአገርን ዕፅ ለመጠበቅና ለማጥናት ነው፤ የየወረዳውም ሹም ይህን ምሳሌ ይከተል። የባህል ሐኪሞችን አክብሮ ይጠይቅ፤ የዕፁን ስምና የሚሰጡትን መጠን ይጻፍ፤ የሥሩን ቅርፊት ግን በገበያ ያለ ልክ እንዳይሸጥ ይምከር። ፍሬው ለገበታ፥ ሥሩ ለመሬት ቢተው ዛፉም ሰውም ይጠቀማሉ።