የአልኮል ታሪክ ከነጊዜው ይመዝገብ፦ የአእምሮ ሕመም ኮድ አሰጣጥ ክፍተት

አልኮል የሚያስከትለውን የአእምሮ ሕመም ከሌሎች ለመለየት የምልክቱ ዓይነት ብቻ አይበቃም፤ የጊዜ ቅደም ተከተሉም መታወቅ አለበት። የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሕመምተኛ ስኪዞፍሬኒያ ሊኖርበት ይችላል፤ አልኮል ያስከተለው ሳይኮሲስም ሊሆን ይችላል። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምድብ 10ኛ ክለሳ የመጀመሪያው በኤፍ20፣ ሁለተኛው በኤፍ10.5 ይመዘገባል። በዚሁ ምድብ መሠረት አልኮል ያስከተለው ሳይኮሲስ አብዛኛውን ጊዜ በመጠጥ ወቅት ወይም ከዚያ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ በ1 ወር ውስጥ ቢያንስ በከፊል፣ በ6 ወር ውስጥ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይለቃል።

ካርዱ ላይ የሰፈረው «አልኮል ይጠጣል» የሚል ሐረግ ብቻ ከሆነ ግን ይህ መለኪያ ሥራ ላይ ሊውል አይችልም። ኮድ ሰጪው ባለሙያ ጎጂ አጠቃቀምን (ኤፍ10.1)፣ ጥገኝነትን (ኤፍ10.2) እና መጠጥ ማቋረጥ የሚያስከትለውን ዴሊሪየም (ኤፍ10.4) የሚለይበት መረጃ የለውም። ያለው ምርጫ መገመት ወይም አልኮሉን መተው ነው።

የስሕተቱ ዋጋ በሕመምተኛው ላይ ይወድቃል። ጊዜያዊ ሕመም የዕድሜ ልክ ስያሜ ይሆንበታል፤ መድኃኒት ለዓመታት ይታዘዝለታል፤ መነሻው መጠጥ ግን ሳይታከም ይቀራል። በተቃራኒው ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ጠጪ «የመጠጥ ነገር ነው» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል።

በኢትዮጵያ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የጠላ፣ የጠጅና የአረቄ ጥንካሬ እንደ ጠማቂውና እንደ አውጪው ይለያያል፤ በፋብሪካ ጠርሙስ ላይ እንደሚታየው ያለ የአልኮል መጠን መግለጫም የላቸውም። ስለዚህ 10 ግራም ንጹሕ አልኮልን እንደ አንድ መጠጥ የሚቆጥረውን ስሌት እንዳለ መውሰድ ያሳስታል። የመጠጡ ዓይነት፣ የተጠጣበት ዕቃ (ብርሌ፣ መለኪያ ወይም ጣሳ) እና ብዛቱ ቢጻፍ የተሻለ ነው።

በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ያለው የሥራ ጫና ለዚህ ጊዜ አይሰጥም የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። መከራከሪያው እውነትነት አለው። ሆኖም የሚጠየቀው ሦስት መስመር ነው፦ የመጨረሻው መጠጥ መቼ ተጠጣ? ምልክቱ መቼ ጀመረ? ያለ መጠጥ በቆየባቸው ጊዜያት ምልክቱ ነበረ? ምላሹ ካልተሟላ ምርመራው ጊዜያዊ ተብሎ ተመዝግቦ ከ1 ወር በኋላ እንደገና ሊታይ ይገባል።

እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ክለሳ አልኮል ያስከተለውን የስሜት መታወክና የጭንቀት ሕመም ለየብቻ ኮድ ሰጥቷቸዋል። ምድቡ በተዘረዘረ ቁጥር ከካርዱ የሚፈለገው ዝርዝርም ይጨምራል። ከካርድ መረጃ የሚሰበስቡ ተመራማሪዎችም «አልተጻፈም» የሚለውን «አይጠጣም» ብለው መቁጠር የለባቸውም፤ ያልተጠየቀ ሕመምተኛ እንዳልጠጣ ከተቆጠረ፣ የአልኮል ጉዳት በጥናቱ ውስጥ ከእውነተኛው አንሶ ይታያል።