ዶክተር ያልሆነው ቀዶ ጠጋኝ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፡፡ የጤና ባለሙያን ስም ግን የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ነው፡፡ ያ ስም ደግሞ ከደመወዝ እስከ ፍርድ ቤት ይከተለዋል፡፡ ዛሬ የማነሳው በወረዳ ከተሞች ሆስፒታሎች ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ሕክምና ስለሚያዋልደው፣ ነገር ግን ዶክተር ስላልሆነው ባለሙያ ነው፡፡

ነገሩ መነሻ አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና የአካባቢ ጤና ባለሙያን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ ነበር፡፡ በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሌጁ ወደ ሕክምና ፋኩልቲነት ሲለወጥ የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋረጠ፡፡ በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደገና ሲጀመር ትምህርትን ከኅብረተሰቡ ጋር ያቆራኘው ጅማ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበር፡፡ በ2009 ደግሞ ልምድ ያላቸው ጤና መኮንኖች ለ3 ዓመት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የወሊድ ሕክምና ተምረው በሁለተኛ ዲግሪ የሚመረቁበት መርሐ ግብር ተጀመረ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ተቀበለው፡፡

አሜሪካኖችም ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1965 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ከባሕር ኃይል የተመለሱ የሕክምና ረዳቶችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1967 ያስመረቃቸው 3 ብቻ ነበሩ፡፡ ዛሬ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ በርካታ ተቋማት ሙያውን በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራሉ፡፡ በ2021 የባለሙያዎቹ ማኅበር «የሐኪም ረዳት» የሚለውን መጠሪያ ትቶ «የሐኪም ተባባሪ» ወደሚል ስም ተሻግሯል፡፡ ስሙ ላይ ይከራከሩ እንጂ፣ ባለሙያው ምን መሥራት እንደሚችልና ከሐኪሙ ጋር ያለው ግንኙነት ምን እንደሆነ የየግዛቱ ሕግ ይናገራል፡፡

የእኛ አስፈላጊነት ከእነሱ የባሰ ነው፡፡ በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ሕፃናት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ፡፡ በዚያው ጥናት ከ100 ሺሕ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንፃር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር፡፡ እኔ በምኖርበት ጊንጆ የታመመ ሰው በባጃጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይደርሳል፡፡ በሊሙ ገነት ወይም በጌራ ገጠር ምጥ ለያዛት እናት ግን ጅማ ሩቅ ናት፡፡ ማህፀን ሊቀደድ ሲል መንገድ እስኪያልቅ አይጠብቅም፡፡

ሐኪሞች የሚያነሱት ስጋት አለ፡፡ «ለከተማው ስፔሻሊስት፣ ለገጠሩ ምትክ ሊሆን ነው ወይ?» ይላሉ፡፡ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ተመርቀው ሥራ ያጡ ሐኪሞች እያሉ ሌላ ባለሙያ ለምን ይሠለጥናል የሚለው ተጨምሯል፡፡ ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ሥራ ያጣ ሐኪምም መቀጠር አለበት፡፡ ሆኖም ጠቅላላ ሐኪም ለዚህ ሥራ ብቻ 3 ዓመት የሠለጠነውን ሰው በቀጥታ አይተካም፡፡ የሞዛምቢክ ተሞክሮም ይህንኑ ያሳያል፡፡ ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተመሳሳይ ባለሙያዎችን ያሠለጠነችው ያቺ አገር፣ በ2002 በወረዳ ሆስፒታሎቿ ከተደረጉት ከባድ የወሊድ ቀዶ ሕክምናዎች 92 በመቶውን የሠሩት እነሱ ነበሩ፡፡ ከ7 ዓመት በኋላ አብዛኞቹ በምደባ ቦታቸው ሲገኙ፣ እዚያው ከተመደቡት ሐኪሞች የቀረ አልነበረም ማለት ይቻላል፡፡

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሕጉ ነው፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ጥፋቱም የሚመዘነው በሳይንስና በሙያው ተቀባይነት ባላቸው ደንቦች ነው፡፡ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ደግሞ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሲገድል ቅጣቱን ያከብዳል፤ በምሳሌነትም ሐኪምንና ሾፌርን ይጠቅሳል፡፡ እንግዲህ ሌሊት ብቻውን ቀዶ ሕክምና የሠራ ጤና መኮንን ታካሚው ሞተችበት እንበል፡፡ ዳኛው በማን ሚዛን ይመዝነዋል? በማህፀን ስፔሻሊስት ሚዛን ነው ወይስ በራሱ ሥልጠና ሚዛን? የዩኒቨርሲቲ ሥርዓተ ትምህርት ዳኛን የሚያስገድድ ሕግ አይደለም፡፡ ወሰኑ ካልታወቀ ባለሙያው ወይ ይፈራና እናቲቱን ሪፈር እያለ በመንገድ ያስቀራታል፣ ወይ ይደፍርና ከአቅሙ በላይ ይገባል፡፡ በሁለቱም ተጎጂዋ እናት ናት፤ ካሣ ጠያቂው ቤተሰብም ተከሳሹ ማን እንደሆነ አያውቅም፡፡

ስለዚህ ሦስት ነገር መጻፍ አለበት፤ ያውም ዳኛም ታካሚም ሊያየው በሚችል የሕግ ሰነድ፡፡ አንደኛ፣ ባለሙያው የሚሠራቸውና የማይሠራቸው የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች፡፡ ሁለተኛ፣ በችግር ጊዜ በስልክም ቢሆን የሚያማክረው ስፔሻሊስትና የዚያ ስፔሻሊስት ኃላፊነት፡፡ ሦስተኛ፣ ከዚህ ዲግሪ በኋላ የሚያድግበት መሰላል፡፡ መሰላል የሌለው ሙያ ጎበዙን ቀድሞ ያጣል፡፡

ምላጭ ያስያዝነው መንግሥትና ኅብረተሰብ ሆነን ነው፡፡ ሲሳካለት ስታቲስቲክሱ የእኛ፣ ሲሳሳት ክሱ የእሱ ብቻ ከሆነ ግን ፍትሕ አይደለም፡፡